ኢንግሊሽ ግራመር ኢን ዩዝ
እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ ተማሪዎች የተዘጋጀ የሰዋስው መጽሐፍ። ደራሲው ሬይመንድ መርፊ ሲሆን፣ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በ1985 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። የታለመው መካከለኛ ደረጃ ለደረሱ ነው፤ ጀማሪ ይቸገርበታል። ትልቁ ብልሃቱ አቀማመጡ ነው፦ በግራ ገጽ ማብራሪያ፣ በቀኝ ገጽ መልመጃ፣ መልሱ ከመጽሐፉ መጨረሻ። አስተማሪ የሌለው ሰው ራሱን በራሱ ማረም ይችላል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሚያምታቱ የግስ ጊዜያትንም ጎን ለጎን ያነጻጽራል። ለምሳሌ «አይ ሊቭድ ሂር ፎር ቴን ይርስ» የሚል ሰው አሁን የሚኖረው ሌላ ቦታ ነው፤ «አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር ፎር ቴን ይርስ» የሚለው ግን ዛሬም እዚያው ነው። እንዲህ ያለው ልዩነት በሽምደዳ አይያዝም፤ ደጋግሞ መሥራት ይጠይቃል። ድርሰት አጻጻፍን ግን አያስተምርም፤ አንቀጽ ማዋቀር የፈለገ ሌላ መጽሐፍ ያሻዋል።