የማን ከተማ፣ የማን ባህል? የግላስጎው 1990 ክርክር

አንድ ከተማ በባህሉና በኪነ ጥበቡ ዓለም አቀፍ ማዕረግ ሲሰጠው ዜናው እንደ ሠርግ ወሬ ይነገራል። ማዕረጉን ማን እንደ ፈለሰመው፣ ለማን ጥቅም እንደ ዋለ የሚጠይቅ ግን እምብዛም ነው። ጥያቄው አንድ ጊዜ በአደባባይ፣ ያውም በቁጣ፣ ተነሥቶ ነበርና እስቲ ወደዚያ ልመለስ። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የታሪኩ መነሻ አንዲት ተዋናይት ናቸው። ሜሊና መርኩሪ በ1967 ግሪክ ውስጥ ሥልጣን የያዙትን ኮሎኔሎች በመቃወማቸው ዜግነታቸውን ተገፈፉ፤ አገዛዙ በ1974 ሲወድቅ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በ1981 ደግሞ የባህል ሚኒስትር ሆኑ። በኖቬምበር 1983 የአውሮፓ ማኅበረሰብ አባል የነበሩትን የ10 አገሮች የባህል ሚኒስትሮች አቴንስ ላይ ሰብስበው፣ የባህል ድምፅ ከቴክኖክራቶች ድምፅ አንሶ ሊሰማ አይገባም ሲሉ ተከራከሩ። ከዚያ የተወለደው «የአውሮፓ የባህል ከተማ» የተሰኘው ማዕረግ በ1985 ለአቴንስ ተሰጠ። ቀጥሎ ፍሎረንስ፣ አምስተርዳም፣ ምዕራብ በርሊንና ፓሪስ ተራ በተራ ያዙት። ልብ በሉ፣ እነዚህ ሁሉ ከተሞች ማዕረጉን ሳያገኙም የባህል ከተሞች ነበሩ። ለፓሪስ እንዲህ ያለ ስም መስጠት ለዓባይ ውኃ መቅዳት ነው።

ስድስተኛው ተረኛ ግን ግላስጎው ሆነ። የክላይድ ወንዝ የመርከብ ግንባታ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ዓለም ከሚሠራቸው መርከቦች ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጉትን ያወጣ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሥራው እየከሰመ ሄደ። በ1971 መንግሥት ለአፐር ክላይድ የመርከብ ኩባንያዎች ገንዘብ አልሰጥም ባለ ጊዜ ሠራተኞቹ በጂሚ ሪድና በጓዶቻቸው መሪነት የሥራ ማቆም አድማ ሳይሆን የመሥራት አድማ መቱ፤ መንግሥትም በ1972 እጁን ሰጠ። ድሉ ግን ጊዜ ከመግዛት አላለፈም። ሰማንያዎቹ ሲገቡ የከተማዋ ስም ከሥራ አጥነትና ከቢላዋ ጠብ ጋር ተጣብቆ ቀረ።

ምክር ቤቱ በሌበር ፓርቲ እጅ ነበር፤ መፍትሔውን ግን በምስል ግንባታ ፈለገ። በ1983 «ግላስጎው እጅግ ተሽሏታል» የሚል ይዘት ያለው ዘመቻ ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት የበረል ቤተ መዘክር ለሕዝብ በሩን ከፈተ። በ1986 ግላስጎው ኤድንብራን ጨምሮ 8 የብሪታንያ ከተሞችን በልጣ የ1990ውን ማዕረግ አገኘች። ማስታወቂያውን የሠራው ማን ይመስላችኋል? ሳቺ ኤንድ ሳቺ፤ በ1979 ለማርጋሬት ታቸር የምርጫ ዘመቻ ሌበርን «አይሠራም» ብሎ የዘለፈው ድርጅት ራሱ! በዚያ ላይ የነፍስ ወከፍ ግብሩ፣ ፖል ታክስ የሚሉት፣ እስኮትላንድ ውስጥ ከእንግሊዝ አንድ ዓመት ቀድሞ በ1989 ሥራ ላይ ውሎ ስለ ነበር፣ ድሃው በአንድ እጁ የግብር ማስጠንቀቂያ፣ በሌላው የፌስቲቫል መርሐ ግብር ይዞ ነበር ማለት ይቻላል።

ተቃውሞው ከጸሐፍት ተነሣ። በ1988 በፋርኩሃር ማክሌይ አዘጋጅነት «ወርከርስ ሲቲ»፣ የሠራተኞች ከተማ፣ የሚል መድበል ታተመ፤ ጄምስ ኬልማንም ከቡድኑ ድምፆች አንዱ ነበር። ስሙ አሽሙር ነው። የከተማዋ መካከለኛ አሮጌ ሰፈር በዚያ ሰሞን «የነጋዴዎች ከተማ» ተብሎ እንደ አዲስ ይሸጥ ነበርና፤ ነጋዴዎቹም በአሜሪካ ባሮች ባመረቱት ትምባሆ የከበሩት ናቸው። ክርክሩ የገንዘብ ብቻ አልነበረም። የሠራተኛውን ኑሮ የሚዘክረውን ፒፕልስ ፓላስ ሙዚየም ከ1974 ጀምሮ የመሩት ኤልስፔዝ ኪንግ፣ በ1990 አዲስ ለተከፈተው የማኅበራዊ ታሪክ ኃላፊነት ሲታለፉ ጋዜጦች በተቃውሞ ደብዳቤ ተጥለቀለቁ። በድግሱ ዓመት የሠራተኛው ታሪክ ጠባቂ ወደ ዳር መገፋቷ ለብዙዎች ምልክት ሆነባቸው።

ከዓመቱ ዝግጅቶች ሁሉ እኔን የሚመስጠኝ የቢል ብራይደን «መርከቡ» የተሰኘው ቴአትር ነው። የቀረበው በጎቫን፣ ሥራ ባቆመ የሃርላንድ ኤንድ ዎልፍ አዳራሽ ውስጥ ሲሆን፣ በፍጻሜው ግዙፉ መርከብ በተመልካች ፊት ተንሸራትቶ ይወጣ ነበር። ሥራ የነበረው ነገር ትርኢት ሆነ። ይህን ክብር ነው የሚል አለ፤ ቀብር ነው የሚልም አለ። እኔ ሁለቱም ነው እላለሁ።

ተቺዎቹን ሙሉ በሙሉ አልደግፍም። ጋርሲያ የተባሉት ተመራማሪ በ2005 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ የዘለቀው ቅርስ ከኢኮኖሚው ይልቅ የከተማዋ ገጽታና ነዋሪው ለራሱ ያለው ግምት ነው። ይህ ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም። በ1990 የተከፈተው ሮያል ኮንሰርት አዳራሽ ሥራ ላይ ነው፤ በ2004 በኤድንብራ የሥነ ጽሑፍ ከተማነት የተጀመረው የዩኔስኮ የፈጠራ ከተሞች ጥምረትም በ2008 ግላስጎውን የሙዚቃ ከተማ ብሏታል። ዳሩ ግን ሙዚቀኛው ኪራዩን መክፈል ካልቻለ ማዕረጉ ለሆቴል ባለቤት እንጂ ለእርሱ አይደለም። ይህን የምለው ስለ እኛም እያሰብኩ ነው፤ ጁገል በ2006 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ደስ ብሎኛል፤ በ2024 ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ደግሞ የአዲስ አበባን የከተማነት ታሪክ ወደፊት ለተማሪዎቼ ከየት ጀምሬ እንደማሳያቸው ግራ ገብቶኛል።

የወርከርስ ሲቲ ሰዎች ስለ ትምባሆ ነጋዴዎቹ ሲናገሩ በ1990 ጨለምተኞች ተብለው ነበር። በ2022 የግላስጎው ምክር ቤት ከተማዋ ከባሪያ ንግድ ጋር የነበራትን ትስስር ያስጠናበትን ሰነድ ይፋ አድርጎ ይቅርታ ጠየቀ። የቡካናንና የግላስፎርድ ጎዳናዎች ግን ያንኑ የነጋዴዎቹን ስም እንደ ያዙ ናቸው።