ቀድሞ የተረገጠው ግቢ፦ የጎብኚ መገልገያዎች በካንሳስ የሣር ምድር

ለጎብኚዎች የሚሠራ ሕንጻ ዘላቂነቱ ብዙውን ጊዜ የሚለካው በሚቆጥበው ኃይልና ውሃ ነው። ይህ መጣጥፍ ግን የሚቀድመው ጥያቄ ሕንጻው የት ይቁም የሚለው ነው ሲል ይሞግታል። የከብት ርባታ በነበረ መሬት ላይ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል፤ እንዲህ ያለው ይዞታ ለዘመናት የተረገጠ ግቢንና ማረሻ ያልነካው ሜዳን አጣምሮ ይይዛልና።

በአሜሪካ ካንሳስ የሚገኘው የቶልግራስ ፕሬይሪ ብሔራዊ ጥብቅ ስፍራ ለዚህ ማሳያ ነው። በፍሊንት ሂልስ ኮረብታዎች ስሱ አፈር ባልጩት በበዛበት የኖራ ድንጋይ ላይ ያረፈ በመሆኑ ለእርሻ አልተመቸም። ከሰሜን አሜሪካ የረጅም ሣር ምድር የቀረው ከ4 በመቶ ያነሰ ሲሆን፣ አብዛኛው የተረፈው ለግጦሽ በዋለው በዚሁ አካባቢ ነው። ከብት አርቢው ስቲቨን ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ ያሠራቸው የድንጋይ ቤትና ባለሦስት ፎቁ ጋጣ ዛሬም ቆመዋል።

ስፍራው በ1996 በሕግ ሲቋቋም፣ የፌዴራሉ መንግሥት ከ10,894 ኤከር ውስጥ በባለቤትነት ሊይዝ የሚችለው 180 ኤከር ብቻ እንዲሆን ተደነገገ። ገደቡ የመንግሥትን ይዞታ የተቃወሙ የአካባቢውን ሰዎች ለማግባባት የተደረሰበት እንጂ የሥነ ምህዳር ጥናት ውጤት አይደለም። ሆኖም ግንባታን በአንድ ቦታ መሰብሰብ ከጥበቃው ዓላማ ጋር ይገጥማል። በ2012 የተከፈተው የጎብኚዎች ማዕከልም ከአውራ ጎዳናው ዳር፣ ከነባሩ ግቢ አጠገብ፣ ዝቅ ብሎ በኖራ ድንጋይ ተሠርቷል።

ግንባታን መሰብሰብ የሚበጅበት ምክንያት ሣሩ ራሱ ነው። ሜዳው ሣር ሆኖ የሚዘልቀው በእሳትና በግጦሽ ነው፤ ባይሰን የተባለው የአሜሪካ ጎሽ በ2009 የተመለሰውም የቀድሞውን ግጦሽ ለማደስ ነው። እንስሳቱ በተቃጠለው መሬት ላይ የሚያቆጠቁጠውን ለምለም ሣር ተከትለው ይዘዋወራሉ። በሜዳው መካከል የሚተከል መጸዳጃ ቤት ወይም መጠለያ ግን እሳት መከላከያ፣ የተሽከርካሪ መንገድና የፍሳሽ ማስወገጃ ይፈልጋል። እያንዳንዱ ተጨማሪ ግንባታ የእሳቱንና የመንጋውን መተላለፊያ ይቆራርጣል።

መሰብሰብ ግን የሚያስከፍለው ዋጋ አለ፤ በእግር ርቆ መሄድ የማይችል ጎብኚ የሜዳውን እምብርት ሳያይ ይመለሳል። ለዚህ መፍትሔው በነባሩ የከብት አርቢዎች መንገድ ላይ የሚመላለስ አነስተኛ አውቶቡስ እንጂ አዲስ ጥርጊያ አይደለም።

ስለዚህ ንድፍ አውጪው አስቀድሞ የርባታውን አሮጌ በረቶች፣ ኩሬዎችና መንገዶች በካርታ ላይ ያስፍር፤ አዲሱን ግንባታም በእነዚሁ ይወስን። ኃይል ቆጣቢ ሕንጻ የተሳሳተ ቦታ ላይ ከቆመ፣ የቆጠበው ኃይል የተቆራረጠውን ሜዳ አይመልስም።