ኪሮስ ብርሃነ፦ በሕፃናት ሳንባና በአየር ብክለት መካከል ያለውን ዝምድና ያሰሉት ምሁር

አንድ ልጅ ያደገበት ከተማ አየር በሳንባው ላይ ምን እንዳደረሰ በምን ይታወቃል? ሐኪም ልጁን መርምሮ ሳንባው ደካማ እንደሆነ ሊናገር ይችላል። ጥፋቱ የመኪና ጭስ ይሁን፣ በቤት ውስጥ የሚጨስ ሲጋራ፣ ወይስ በዘር የመጣ ድክመት ግን ከአንድ ልጅ ምርመራ አይገኝም። መልሱን ለማግኘት በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆችን ለዓመታት እየተከታተሉ መለካት፣ ልኬቱንም በጥንቃቄ ማስላት ያስፈልጋል። ትውልደ ኢትዮጵያዊው የስታትስቲክስ ምሁር ፕሮፌሰር ኪሮስ ብርሃነ አብዛኛውን የሙያ ዘመናቸውን ያሳለፉት በዚህ ሥራ ላይ ነው።

የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ሁለተኛውን ካናዳ ከሚገኘው ጉዌልፍ፣ ዶክትሬታቸውን ደግሞ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ አግኝተዋል። በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ቆይተው ወደ ሎስ አንጀለስ፣ ወደ ሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አመሩ። ከ2020 (እ.አ.አ) ጀምሮ ደግሞ በኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የባዮስታትስቲክስ ክፍልን መርተዋል።

ሙያቸው ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት የልጅን ሳንባ ማሰብ ይበቃል። የልጅ ሳንባ በተበከለ አየር ውስጥም ቢሆን በየዓመቱ ያድጋል። ስለዚህ የሚጠየቀው ‘አደገ ወይ?’ ሳይሆን ‘ማደግ የነበረበትን ያህል አደገ ወይ?’ የሚለው ነው። ይህን ለመለየት በተመሳሳይ ሰው ላይ በተለያየ ጊዜ የተወሰዱ፣ በቀጥታ መስመር የማይጓዙ ልኬቶችን የሚያስተናግድ ስሌት ያሻል። ፕሮፌሰር ኪሮስ ከስመ ጥሩው የስታትስቲክስ ሊቅ ሮበርት ቲብሺራኒ ጋር በ1998 ያሳተሙት ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚሁ ዓይነት ስሌት ላይ ነበር።

ዕውቀታቸውን በተግባር ያዋሉት በደቡብ ካሊፎርኒያ የሕፃናት ጤና ጥናት ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በ12 አካባቢዎች የተጀመረው ይህ ጥናት ተማሪዎችን በየትምህርት ቤታቸው እየተከታተለ በመሣሪያ ውስጥ በኃይል እንዲተነፍሱ ያደርጋል፤ በመጀመሪያው ሰከንድ የሚወጣው የአየር መጠን የሳንባን አቅም ያሳያልና። ፕሮፌሰር ኪሮስ ከደራሲዎቹ አንዱ የሆኑበት የ2004 ውጤት 1,759 ልጆችን ከ10 እስከ 18 ዓመታቸው የተከተለ ነበር። እጅግ በተበከለው አካባቢ ያደጉት በ18 ዓመታቸው የሳንባ አቅማቸው ከሚጠበቀው በታች የመሆኑ ዕድል፣ ንጹሕ አየር ካለበት አካባቢ ልጆች ጋር ሲነጻጸር ወደ 5 እጥፍ ተጠግቶ ተገኘ።

ከተጠረጠሩት በካዮች ዋነኛው ፒኤም 2.5 የሚባለው ደቃቅ ብናኝ ነው። ከ2.5 ማይክሮ ሜትር የማይበልጥ፣ ከሰው ፀጉር ውፍረት በ30 እጥፍ ገደማ የሚያንስ በመሆኑ አፍንጫና ጉሮሮ አያስቀሩትም። እስከ ሳንባ የአየር ከረጢቶች ይዘልቃል፤ በዚያም ብግነት ያስነሣል። ካርቱምን በየጊዜው የሚሸፍነው የሃቡብ አውሎ አቧራ ለዓይን የበለጠ ያስፈራል። ከነዳጅና ከማገዶ የሚወጣው ደቃቅ ብናኝ ግን ሳይታይ ነው የሚገባው።

እንደ እኔ አመለካከት ከሁሉም የሚበልጠው ግኝት ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ካሊፎርኒያ በተሽከርካሪና በነዳጅ ላይ ደንቧን ስታጠብቅ አየሩ እየጠራ ሄደ። ተመራማሪዎቹም በተለያየ ዘመን ያደጉ ሦስት የልጆች ምድቦችን አነጻጸሩ። በ2015 በታተመው ውጤት መሠረት፣ በ15 ዓመታቸው የሳንባ አቅማቸው ዝቅተኛ የሆነ ልጆች ድርሻ ከ7.9 በመቶ ወደ 6.3፣ ከዚያም ወደ 3.6 በመቶ ወረደ። በቀጣዩ ዓመት ፕሮፌሰር ኪሮስ በመሪ ደራሲነት ያሳተሙት፣ 4,602 ልጆችን ያካተተ ጥናት ደግሞ የማያቋርጥ ሳልና አክታን የመሰሉ የብሮንካይትስ ምልክቶች ከአየሩ መጥራት ጋር መቀነሳቸውን አሳየ። ለውጡ ጎልቶ የታየው አስም ባለባቸው ልጆች ላይ ቢሆንም ሌሎቹም ተጠቅመዋል። ብክለት እንደሚጎዳ ቀድሞም ይታወቅ ነበር፤ ደንብ ማውጣት የልጆችን ሳንባ እንደሚታደግ በቁጥር ማሳየት ግን ሌላ ነገር ነው።

ምሥራቅ አፍሪካ እንዲህ ያለ የረጅም ዘመን መዝገብ የለውም። ይህን ክፍተት ለመሙላት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ኢትዮጵያን፣ ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ሩዋንዳን የሚያካትት የአካባቢና የሙያ ጤና የምርምር ማዕከል አቋቋሙ። ፕሮፌሰር ኪሮስ ከመሪዎቹ አንዱ ናቸው። በአዲስ አበባ በኩል ያሉት አቻቸው ዶክተር አበራ ቁሜ ለጉዳዩ አዲስ አይደሉም። በቡታጅራ ገጠር ቤቶች ውስጥ ከማገዶ የሚወጣውን ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ከባልደረቦቻቸው ጋር ለክተው፣ በ2009 ባሳተሙት ጥናት አማካዩ የዓለም ጤና ድርጅት በጊዜው ካስቀመጠው ዓመታዊ መጠን ከእጥፍ በላይ መሆኑን አሳይተዋል። በእነዚያ ቤቶች ከምጣዱ ጭስ የማይርቁት እናቶችና በጀርባቸው የሚያዝሏቸው ሕፃናት ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 የፒኤም 2.5 ዓመታዊ ወሰንን ከ10 ወደ 5 ማይክሮ ግራም በሜትር ኩብ ዝቅ አድርጓል። አዲስ አበባ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ ከ2016 ጀምሮ የከተማዋን አየር እየለካ ለሕዝብ ያሳውቅ ነበር። በመጋቢት 2025 ዋሽንግተን በየአገሩ ካሉ ኤምባሲዎቿ የሚገኘውን የአየር ጥራት መረጃ ማጋራት አቁማለች።