ቡፌው ከኋላ ነበር

እኛ ቤት አንድ ቡፌ ነበር። «እኛ ቤት» ስንል የእናንተም ቤት ማለታችን ነው፤ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው ቡፌ አላውቅም ቢለን አናምነውም። የሳሎኑን ግድግዳ ግማሽ የያዘ፣ ከላይ ባለመስታወት፣ ከታች ባለመዝጊያ፣ በየደርቡ ነጭ ዳንቴል የተነጠፈበት። በላይኛው ደርብ ለእንግዳ እንጂ ለእኛ ያልተፈጠሩ ብርጭቆዎች ነበሩ። በሁለተኛው ወርቅማ ጠርዝ ያላቸው ስኒዎችና አክስታችን ከጅዳ የላከችው ፐርሙዝ። በሦስተኛው የወላጆቻችን የሠርግ ፎቶ፣ ከአጠገቡ ደግሞ የአጎታችን ጉርድ ፎቶ። አጎታችን ከባድመ ጦርነት አልተመለሰም። የቡፌው ቁልፍ ያለው እናታችን መቀነት ውስጥ ነው።

የልደት ቀን ሲደርስ የሰፈራችን ፎቶ አንሺ ይጠራል። ባለ 36 ፊልም ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይመጣና ገና ከበሩ ላይ ሆኖ «ቡፌው ጋ ቁሙ!» ይላል። እንቆማለን። ዳቦው ከፊት፣ ለስላሳው ከጎን፣ እኛ መሃል፣ ቡፌው ከኋላ። ብልጭ!

መቼም የዚህን ታሪክ መጨረሻ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሰፈራችን ለመልሶ ማልማት ፈረሰ። የደረሰን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ቡፌው ደረጃው ላይ አልዞር አለና ለአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ተሸጠ። ውስጡ የነበረው ሁሉ በካርቶን ታሸገ። ከካርቶኖቹ አንዱ አዲሱ ቤት አልደረሰም። የአጎታችን ፎቶ የነበረው በዚያ ካርቶን ውስጥ ነው። ሌላ ፎቶ የለውም።

አልበሞቹን አወረድን። የልደት ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየናቸው። በአብዛኞቹ ላይ የፍላሹ ብርሃን መስታወቱ ላይ አርፎ ሦስተኛውን ደርብ ነጭ አድርጎታል። በአንዱ ብቻ፣ ፎቶ አንሺው ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ፣ ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ቆሟል። በዚያ ፎቶ ላይ ከታናሽ ወንድማችን ጆሮ ጀርባ፣ የጣት ጥፍር የማታክል ምስል ትታያለች። አጎታችን ነው።

ጋዜጠኝነት ስንማር የፎቶግራፍ መምህራችን የማይታክቱበት አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ዋናውን ሰው ከፊት አቁሙ፣ ከኋላ ያለውን ኮተት አጽዱ። ጥሩ ሕግ ነው፤ ፈተናም አልፈንበታል። ዛሬ ግን «እግዜር ይስጥህ» የምንለው ያንን ሕግ ሰምቶ የማያውቀውን የሰፈራችንን ፎቶ አንሺ ነው። ኮተቱን አጽድቶት ቢሆን ኖሮ አጎታችንን ባላገኘነው ነበር።

ይህ ነገር ወደ ታሪክ መራን። ለመሆኑ መደርደሪያን ፎቶ ማንሳት መቼ ተጀመረ? ስንፈትሽ ያገኘነው መልስ አስገረመን። ከፎቶግራፍ ጋር መንትያ ሆኖ ነው የተወለደው።

እ.ኤ.አ. 1839 ፈረንሳዊው ሉዊ ዳጌር የፎቶግራፍ ዘዴው ለዓለም የተገለጠበት ዓመት ነው። በዚያው ዓመት ካነሳቸው ምስሎች አንዱ፣ ባለ ሦስት ደርብ መደርደሪያ ላይ የተሰለፉ ዛጎሎችንና ወደ ድንጋይነት የተለወጡ የጥንት ፍጥረታትን ያሳያል። ለምን መደርደሪያ? የዚያን ዘመን ካሜራ አንድ ምስል ለመያዝ ደቂቃዎች ይፈጅበት ነበር። ሰው ያስነጥሳል፣ ልጅ ይቁነጠነጣል፣ ዛጎል ግን አይነቃነቅም። መደርደሪያ የፎቶግራፍ የመጀመሪያው ታጋሽ ደንበኛ ነበር ማለት ነው።

ከባሕር ማዶ እንግሊዛዊው ዊሊያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት ነገሩን አንድ እርምጃ ወሰደው። ከ1844 እስከ 1846 እ.ኤ.አ. በስድስት ክፍል ያሳተመው «የተፈጥሮ እርሳስ» የተባለ መጽሐፉ በፎቶግራፍ ተደግፈው ለገበያ ከቀረቡ መጻሕፍት ቀዳሚው ነው። ከ24ቱ ምስሎች ሦስተኛው በደርብ በደርብ የተደረደሩ የሸክላ ዕቃዎች፣ አራተኛው ደግሞ ብርጭቆዎች ናቸው። በሌላ አነጋገር፣ የሰውዬው ቡፌ ነው።

ታልቦት ከሸክላዎቹ ምስል ጎን የጻፈው ሐሳብ እኛን በቀጥታ የሚመለከት ነው። የንብረት ዝርዝር በጽሑፍ መያዝ ጊዜ ይፈጃል፤ ካሜራ ግን ዕቃው ጥቂት ቢሆን ብዙ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይመዘግባል ይላል። ቀጥሎም፣ ሌባ መጥቶ ዕቃውን ቢወስድና ይህ ዝምተኛ ምስል ዳኛ ፊት ቢቀርብ አዲስ ዓይነት ማስረጃ ይሆን ነበር ሲል ያስባል። ልብ በሉ፤ ፎቶግራፍ ገና ዳዴ በሚልበት ዘመን ነው መደርደሪያን የማንሳት ትርጉም የተነገረው። መደርደሪያን ፎቶ የምናነሳው አንድ ቀን ባዶ ሊሆን ስለሚችል ነው።

ስምንተኛው ምስል «በቤተ መጻሕፍት ውስጥ» የሚል ስም ያለው፣ በሁለት ደርብ የተሰለፉ መጻሕፍት ፎቶ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ተንኮል አለች። ምስሉ የተነሳው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አይደለም። በቤት ውስጥ ያለው ብርሃን ስለማይበቃ ታልቦት መደርደሪያና መጻሕፍት ደጅ አውጥቶ፣ ፀሐይ ላይ አሰልፎ ነው ያነሳቸው። ይህችን ነገር ያዙልን፤ እንመለስባታለን።

መጽሐፍ ካነሳን አይቀር ወደ አገራችን እንሻገር። የኛ አባቶች መጽሐፍ ያኖሩ የነበረው እንደ ፈረንጆቹ አቁመው በመደርደር ብቻ አልነበረም። የብራናው መጽሐፍ ከቆዳ በተሠራ ማኅደር ይከተትና በማንገቻው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ሮበርት ከርዘን የተባለ እንግሊዛዊ በ1837 እ.ኤ.አ. ግብፅ በረሃ ውስጥ ባለው የሶርያውያን ገዳም ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትን ቤተ መጻሕፍት አይቶ ተደንቋል። መጻሕፍቱ በግድግዳው ዙሪያ ከተተከሉ የእንጨት ችካሎች ላይ ተንጠልጥለው ነበር። በ1849 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የክፍሉ ሥዕል አለ። ሥዕል ነው እንጂ ፎቶ አይደለም፤ ከርዘን ገዳሙን ሲጎበኝ ዳጌር ገና ምስጢሩን አላወጣም።

ካሜራው ወደ ኢትዮጵያ በጦር ሠራዊት ታጅቦ ሲመጣ ግን ያነጣጠረው ወደ መጽሐፍ አልነበረም። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣው የእንግሊዝ ጦር በሳጅን ጆን ሃሮልድ የሚመራ የመሐንዲሶች የፎቶግራፍ ቡድን ይዞ ነበር። ቡድኑ መንገዱን፣ ሰፈሩን፣ ሰዎቹንና ከሁሉም በላይ ተራራውን አነሳ። የመቅደላን ምስሎች ያየ ሰው ተፈጥሮ ራሷ መደርደሪያ ሠሪ መሆኗን ይረዳል። ገደል፣ ከገደሉ በላይ ሜዳ፣ ከሜዳው በላይ ደግሞ ሌላ ገደል። ዐፄ ቴዎድሮስም ያላቸውን ሁሉ፣ መድፋቸውንም መጻሕፍታቸውንም፣ ያስቀመጡት በዚህ የድንጋይ መደርደሪያ ላይኛው ደርብ ላይ ነበር።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተያዘች፤ ንጉሡም ራሳቸውን ሠዉ። ምርኮው በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ተጭኖ ወረደ፤ ከፊሉም ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጠ። ዛሬ በእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት 350 ገደማ የመቅደላ መጻሕፍት ይገኛሉ። ነገሩን አስቡት። መደርደሪያው ፎቶ ተነስቶ፣ በላዩ የነበረው ተወሰደ። ታልቦት የፈራውን ሌባ ታውቁታላችሁ፤ እዚህ ግን ካሜራው የመጣው ከወሳጁ ጋር ነው።

የዚህ ታሪክ ማካካሻ ከመቶ ዓመት በኋላ መጣ። በ1973 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን፣ ከአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲና ሌሎች ተባባሪዎች ጋር ሆና የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ተጀመረ። ዘዴው ከመቅደላው ተቃራኒ ነው፤ ምስሉ ይሄዳል፣ መጽሐፉ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። አብዮት መጣ፣ ጦርነት መጣ፣ ሥራው ግን ቀጠለ፤ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሱ።

ከዚህ ሥራ ጋር የማይነጠሉት ሰው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1975 እ.ኤ.አ. ወታደሮች ቤታቸው ድረስ መጥተው ተኩሰው አቆሰሏቸው፤ ከዚያ ወዲህ እግራቸው አልታዘዛቸውም። ሚኒሶታ ሄደው፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ በ2021 እ.ኤ.አ. እስኪያርፉ የዘለቀ የምርምር ሕይወት ኖሩ። ያነበቡት፣ የዘረዘሩት፣ የተነተኑት ያንን ፊልም ነው። ጌታቸው ከአገራቸው ወጡ፤ የአገራቸው መደርደሪያ ግን በፎቶ ተከትሏቸው ሄደ። ይህን ስናነብ ለምን እንደሆነ ሳናውቅ እናታችን ትዝ አለችን።

እሺ፣ ፎቶ ማስረጃ ነው ብለናል። ግን ሁልጊዜ እውነቱን ይናገራል ወይ? ያዙልን ያልናችሁን የታልቦትን የደጅ መጻሕፍት አሁን አምጡልን። በ1936 እ.ኤ.አ. ክረምት ፎቶ አንሺው ዎከር ኢቫንስና ጸሐፊው ጄምስ አጊ አሜሪካ አላባማ ውስጥ ድሃ የጥጥ ገበሬዎች ዘንድ ሰነበቱ። ሥራቸው በ1941 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ኢቫንስ ወጥ ቤቱን፣ ግድግዳ ላይ የተሰኩትን ማንኪያና ሹካዎች፣ ከእሳት ምድጃው በላይ ያለችውን መደርደሪያ አነሳ። አጊ ደግሞ በየመደርደሪያው ላይ ያለውን ዕቃ እየቆጠረ ጻፈ። በኋላ ሁለቱን ያስተያዩ ተመራማሪዎች አንድ ነገር አስተዋሉ። በፎቶው ላይ ከምድጃው በላይ የምትታየው ሰዓት በአጊ ዝርዝር ውስጥ የለችም። ፎቶ አንሺው አስቀመጣት? ጸሐፊው ዘለላት? ባለቤቶቹ አነሷት? ክርክሩ እስካሁን አለ።

እኛ ግን በዚህ ክርክር ውስጥ ማንንም ለመክሰስ አፍ የለንም። እናታችን ፎቶ አንሺው ሊመጣ ሲል ዳንቴሉን ትቀይራለች፣ ስኒዎቹን ታዞራለች፣ የተሸረፈውን ብርጭቆ ወደ ኋላ ትገፋለች። መደርደሪያ ሁልጊዜም ለሚያየው ሰው ትንሽ ይኳላል። እንዲያም ሆኖ ሳያስበው የሚያሳየው ነገር አለ፤ እኛም አጎታችንን ያገኘነው እዚያ ውስጥ ነው።

ከቤት ወጣ እንበልና፣ ስሙም መደርደሪያ የሆነ ነገር በተፈጥሮ አለ። በደቡብ ዋልታ ከየብሱ ወጥቶ ባሕሩ ላይ የሚንሳፈፈውን ሰፊና ወፍራም በረዶ ፈረንጆቹ የበረዶ መደርደሪያ ይሉታል። ላርሰን ቢ የተባለው ከ10,000 ዓመታት በላይ ጸንቶ እንደኖረ ተመራማሪዎች ይናገራሉ። በ2002 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ 3,250 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነው፣ የአዲስ አበባን ስፋት ስድስት ጊዜ ያህል ማለት ነው፣ በአምስት ሳምንት ገደማ ውስጥ ተሰባብሮ አለቀ። የሚያነሳው ሳተላይት ነበር። በመጀመሪያው ምስል ሙሉ ነጭ፣ በመጨረሻው ፍርስራሽ። የታልቦት ሐሳብ እዚህም ሠራ፤ ዝምተኛው ምስል ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። ዳኛው ማን እንደሆነ ግን እንጃ።

እኛም ባለፈው ዓመት ከጓደኞቻችን ጋር ሰሜን ተራሮች ሄደን ነበር። ዋልያዎቹ ገደሉ ላይ፣ ሰው እግሩን በማያሳርፍባት ቀጭን የድንጋይ እርከን ላይ ቆመው ያመነዥካሉ። ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ገብቶ፣ በ2017 ወጥቷል። በሁለት ቀን ውስጥ በስልካችን 400 ፎቶ አነሳን። ገደል፣ እርከን፣ ዋልያ፣ ደመና።

ስንመለስ ቆጠርን። በዚያው ስልክ ውስጥ የቤታችን መደርደሪያ ፎቶ ስንት ነው? ዜሮ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኛ ነው።

ስለዚህ ባለፈው እሑድ ለእናታችን «መደርደሪያሽን ፎቶ ልናነሳው ነው» አልናት። ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ቡፌ የለም፤ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የተመታች ባለ ሦስት ደርብ ጣውላ ናት። «ቆይ ላጽዳው!» አለች። አይሆንም አልን፤ አልሰማችንም። በመጨረሻ ተስማማን፤ አንድ እንዳለ፣ አንድ ከጸዳ በኋላ። እንዳለ ባነሳነው ላይ የመድኃኒቷ ብልቃጥ፣ የመብራት ደረሰኝ፣ መነጽሯ፣ ያለቀ ባትሪና ከቡፌው የተረፈ አንድ ዳንቴል አለ። ከጸዳ በኋላ ባነሳነው ላይ ዳንቴሉና አበባ ብቻ።

ሁለቱን አሳየናት። የጸዳውን ወደደችው። ቀጥላ ከጥፍር የማይበልጠውን የአጎታችንን ምስል አሳድገን ያሳተምነውን ወረቀት አምጡልኝ አለች። ሲያድግ ፊቱ ጠፍቷል፤ ነጠብጣብ ብቻ ነው የቀረው። ለእኛ። እሷ ግን በጣቷ እየነካች «ይኸው ዓይኑ፣ ይኸው ጢሙ» አለችና ወስዳ ሦስተኛው ደርብ ላይ አስደግፋ አቆመችው።

ከዚያ ሦስተኛ ፎቶ አነሳን። ያለ ፍላሽ።