አንድ መጥረቢያ ለሁለት ዛፍ

እናቴ ከእንጦጦ ሥር፣ ጉለሌ ባለው ግቢዋ ውስጥ አንድ ጥድ ነበራት። መቼ እንደ በቀለ የሚያውቅ ሰው በሰፈሩ አልነበረም። ቤቱን የሠራው አያቴ እንኳ "ስመጣ ቆሞ ነው ያገኘሁት" ይል ነበር። አንድ ክረምት ቅርንጫፉ ከጎረቤት ቆርቆሮ ጋር እየተፋተገ ሌሊቱን እንቅልፍ ሲነሣ ከረመና፣ በመስከረም ላይ መጥረቢያና ገመድ ይዘው በየመንደሩ ከሚዞሩት ዛፍ ቆራጮች አንዱ ተጠራ። በዋጋ ተስማሙ። እናቴ "አደራ ልጄ፣ እንዳይደርቅብኝ" ስትለው፣ "አይዞዎት እማማ፣ በዓመቱ ተመልሶ ያቆጠቁጣል" አላት። አናቱን ቆርጦ፣ ጎንና ጎኑን ገፎ ወረደ። ዛፉ በዓመቱም በሁለት ዓመቱም አላቆጠቆጠም። በሦስተኛው ዓመት ያው ሰው ተመልሶ መጥቶ ደረቁን ግንድ ከሥሩ ጣለው፤ የመጣያውንም ዋጋ ለብቻ ተቀበለ።

ለረጅም ጊዜ ሰውየውን እንደ ውሸታም ስቆጥረው ኖሬአለሁ። የከተማችንን ታሪክ ሳገላብጥ ግን ሐሳቤን ለወጥሁ። የተናገረው እውነት ነበር፤ እውነቱ ግን የሌላ ዛፍ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ለቤቱም፣ ለአጥሩም፣ ለማገዶውም የሚሆነው እንጨት ከዙሪያዋ ተራሮች ነበር የሚወርደው። ሕዝቡ በበዛ ቁጥር ጥዱና ወይራው ተመናመነ፤ እንጨት ፍለጋው እየራቀ ሄደ። በ1893 ዓ.ም. ገደማ ዐጤ ምኒልክ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ፣ አዲስ ዓለም ላይ ቤተ መንግሥት ማሠራት የጀመሩት አንድም በዚህ የእንጨት ችግር ምክንያት ነው። ዋና ከተማው ወደዚያ ሊዛወር ታስቦ ነበር፤ ሳይዛወር ቀረ፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበውም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ከተማዋን በቦታዋ ካጸኗት ነገሮች አንዱ ከአውስትራሊያ ምድር የተገኘው ባሕር ዛፍ ነው። በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን እንደ ገባ ይነገራል፤ ከዚሁ ጋር ስሙ አብዝቶ የሚነሣው ሞንዶን ቪዳዬ የተባለው ፈረንሳዊ ነው። ዛፉ በጥቂት ዓመታት ለአጣና ይደርሳል። ሲቆርጡትም አይሞትም፤ ከጉቶው ዙሪያ አዳዲስ ቀንበጦች ያወጣል፤ እነሱም በተራቸው ይቆረጣሉ። ስለዚህ ባለ ርስቱም፣ ባለ ግቢውም ተከለው። ከተማዋ በዛፉ ከመሸፈኗ የተነሣ የውጭ አገር ሰዎች "ዩካሊፕቶፖሊስ" እስከ ማለት ደረሱ። ውሃ ያደርቃል የሚል ስሞታ በርትቶ በ1905 ዓ.ም. ከዛፉ ሁለት ሦስተኛው እንዲነቀልና በምትኩ የሐር ትል የሚመገበው ዛፍ እንዲተከል ትእዛዝ ወጥቶ ነበር፤ ትእዛዙ ግን በሥራ ላይ አልዋለም። ሕዝቡ ማገዶውንና ማገሩን እንዴት ይንቀል?

እንግዲህ ልብ እንበል። ከመቶ ዓመት በላይ የአዲስ አበባ መጥረቢያ ትምህርት የተማረው ከባሕር ዛፍ ነው። ትምህርቱም "ቁረጥ፣ ይመለሳል" የሚል ነው። ዛፍ ቆራጩ ከአባቱ የወረሰው፣ ባለ ቤቱም ሲያይ ያደገው ይህንኑ ነው። ጥድ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ከጉቶው አያቆጠቁጥም። አረንጓዴው ከተገፈፈ እርቃኑን የቀረው እንጨት አዲስ ቅጠል አያወጣም። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት የሚተካውን ጥድ ለመተካት የአንድ ሰው ዕድሜ አይበቃውም።

ዛፍን ማከም በሌላው ዓለም ራሱን የቻለ ሙያ ከሆነ ቆይቷል። በእንግሊዝ አገር ተወልዶ በአሜሪካ፣ ኦሃዮ የኖረው ጆን ዴቪ "የዛፍ ሐኪም" የተሰኘውን መጽሐፉን ያሳተመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1901 ነው። በዚያ ዘመን የነበሩት ሐኪሞች የዛፉን ጉድጓድ በሲሚንቶ ይደፍኑ፣ ቁስሉንም ቀለም ይቀቡ ነበር። በ1970ዎቹ አሌክስ ሺጎ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እጅግ ብዙ ግንዶችን ሰንጥቆ ከመረመረ በኋላ ሌላ ነገር አሳየ። ዛፍ እንደ ሰው ቁስሉን አያሽርም፤ የተጎዳውን ክፍል ከውስጥ አጥር አጥሮ ይለየዋል እንጂ። ቀለሙም መበስበስን አያስቀርም።

ከዚህ የሚወጣው ምክር ለማንኛውም ባለ ግቢ ይጠቅማል። ቅርንጫፍ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ላይ እብጠት የመሰለ አንገት አለ፤ ዛፉ አጥሩን የሚያጥረው በዚያ ነው። ስለዚህ መጋዙ ከአንገቱ ወጣ ብሎ ይቁረጥ፤ ከግንዱ ጋር አስተካክሎ አይላጨው፤ ረጅም ጉማጅም አይተው። ከባድ ቅርንጫፍ ከሆነ አስቀድሞ ራቅ ብሎ ከበታቹ ይጫር፤ ቀጥሎ ከዚያ ጥቂት ወጣ ብሎ ከላይ ይቆረጥ፤ ክብደቱ ከወረደ በኋላ የቀረው አንገቱ ዘንድ ይስተካከል። አለዚያ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት ልጦ ይወርዳል። ከሁሉ በላይ ግን ጥድን አናቱን አይቁረጡት። የእናቴ ጥድ ያስቸገረው በአንድ ቅርንጫፍ ብቻ ነበር፤ ያቺ ብቻ ብትነሣለት ዛሬም በቆመ።

ጥድ በከተማችን ዙሪያ ሳይጠፋ የቆየው በብዛት መጥረቢያ በተከለከለበት ሥፍራ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ነው። የቀረው ደግሞ በየሰዉ ግቢ አለ፤ በዚያ ያለው ከልካይ ባለ ቤቱ ብቻ ነው። ቆራጩን የምንወቅስበት ምክንያት የለም፤ ለእንጀራው ተራራውን ሲወጣና ሲወርድ የሚውል፣ ከፍ ካለ ቅርንጫፍ ላይ በአንድ ገመድ ነፍሱን አንጠልጥሎ የሚሠራ ሰው ነው። ያጣው ትምህርት ነው፤ ያጣነው እኛም ነን። ስለዚህ ነገ በራችንን አንኳኩቶ "አይዞዎት፣ ተመልሶ ያቆጠቁጣል" ሲለን፣ ገንዘቡን ከመቁጠራችን በፊት አንዲት ጥያቄ እንጠይቀው፦ የትኛው ዛፍ?