ምሥጢርና አደራ ጠባቂው፦ የጃቫ ማዋቀሪያ ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ሲ.ቲ.ኤስ.ኤስ. በተባለው የጋራ ኮምፒዩተር ላይ ሁለት አስተዳዳሪዎች በአንድ ጊዜ ሁለት ፋይሎችን ሲያርሙ ጊዜያዊ ፋይሎቻቸው ተምታቱ። የተጠቃሚዎች ሁሉ የይለፍ ቃል የዕለቱ ማስታወቂያ ሆኖ ለገባው ሁሉ ታየ። ምሥጢሩን የሰረቀ ጠላት አልነበረም፤ ያጋለጠው የተጓዘበት መንገድ ነበር። ይኸው ስሕተት በጃቫ ዘመንም መልኩን እየለወጠ ተመላልሷል።

በጥር 1996 የወጣው የመጀመሪያው የጃቫ እትም «ፕሮፐርቲስ» የተባለውን ክላስ ይዞ መጣ። ስምንና ዋጋን በተራ የጽሑፍ ፋይል ማጣመር ለሥራ የተመቸ ነበር፤ ነገር ግን የዳታቤዙ የይለፍ ቃል ከፖርት ቁጥሩ ጎን በግልጽ ተቀመጠ፤ ፋይሉም ከፕሮግራሙ ምንጭ ጋር እየተገለበጠ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ዋጋውን በማስነሻው ትእዛዝ ላይ የጻፉትም አልዳኑም፤ በማሽኑ ላይ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ዝርዝር የተመለከተ ሌላ ተጠቃሚ ሊያነበው ይችላልና። በ2011 ከሄሮኩ የወጣው ባለ አሥራ ሁለት ነጥብ መመሪያ እነዚህ ዋጋዎች በኢንቫይሮንመንት ቫርያብል እንዲያዙ መከረ። ምንጩ ከምሥጢር ጸዳ፤ ሆኖም ከፕሮግራሙ የሚነሣ ንዑስ ፕሮግራም ሁሉ፣ ካልተከለከለ በቀር፣ ምሥጢሩን ይወርሳል።

ዋጋው ክላሱ ዘንድ ከደረሰ በኋላም ጉዳዩ አያበቃም። የጃቫ ስትሪንግ አንድ ጊዜ ከተፈጠረ አይለወጥምና ፕሮግራም ጸሐፊው በፈለገ ጊዜ ሊደመስሰው አይችልም። በ2006 የወጣው ጃቫ 6 ከተጠቃሚው የሚቀበለውን የይለፍ ቃል በፊደላት ድርድር የሚያስረክበው፣ ሥራው እንዳለቀ በላዩ ተጽፎ እንዲጠፋ ነው።

በ2018 የወጣው ካፍካ 2.0 ደግሞ አሠራሩን ከሥሩ አሻሻለው። በማዋቀሪያው ውስጥ የሚጻፈው ምሥጢሩ የሚገኝበት አድራሻ ብቻ ሆነ፤ ዋጋውን ከስፍራው አምጥቶ ለክላሱ የሚያስረክበው ለዚሁ የተመደበ አቅራቢ ነው። ክላሱም ፕሮፐርቲውን «ፓስወርድ» በሚባለው ዓይነት ካስመዘገበ፣ ዋጋው ወደ መዝገብ ሲጻፍ ተሸፍኖ ይወጣል።

ይሁንና አድራሻ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በታኅሣሥ 2021 የተገለጸው የሎግፎርጄ ጉድለት ይህን አሳየ። አጥቂው በላከው ጽሑፍ ውስጥ ያስገባው አድራሻ፣ ጽሑፉ ወደ መዝገብ ሲገባ ይፈታ ስለ ነበር፣ በኢንቫይሮንመንት ቫርያብል የተያዘው ምሥጢር ተጠቅልሎ ወደ ውጭ ሊወጣ ቻለ።

እንግዲህ ክላስ የሚጽፍ ባልደረባ ምሥጢሩ የት እንደ ተቀመጠ ብቻ ሳይሆን፣ አድራሻውን የሚፈታው ማን እንደ ሆነና በማን ቃል እንደሚፈታው ሊጠይቅ ይገባል። አደራ የሚጠብቀው አደራ ተቀባዩ ሲታወቅ ነው።