የክብር ዜግነት በሕግ ዓይን

የውጭ አገር ባለውለታን ማክበር ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ሲልቪያ ፓንክረስት ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረችበት ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ጋዜጣ አቋቁመው ስለ ኢትዮጵያ ተሟግተዋል። እ.ኤ.አ. በ1960 አዲስ አበባ ላይ ሲያርፉም የተቀበሩት በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። አውስትራሊያዊቷ ሐኪም ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1959 ከባለቤታቸው ጋር መጥተው፣ በ1974 የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ። በ2012 የክብር ዜግነት ተሰጣቸው፤ በ2020 በ96 ዓመታቸው እዚሁ አረፉ።

ለመሆኑ የክብር ዜግነት ምን መብት ያስገኛል?

በቅድሚያ ኒሻንንና ዜግነትን መለየት ያስፈልጋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 71(5) መሠረት ኒሻንና ሽልማት የሚሰጠው ፕሬዚዳንቱ ነው። ኒሻን የምስጋና ምልክት ነው፤ ተሸላሚውን ዜጋ አያደርገውም። ዜግነት ግን መብትንም ግዴታንም ያስከትላል።

የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 አንቀጽ 8፣ ለኢትዮጵያ የላቀ አስተዋጽኦ ላደረገ የውጭ አገር ሰው በሕግ ዜግነት ሊሰጠው እንደሚችል ይደነግጋል። እንዲህ ያለው ሰው ሌላው አመልካች የሚጠየቀውን የ4 ዓመት ነዋሪነትና የቋንቋ ችሎታ አይጠየቅም። ሆኖም ይህ እውነተኛው ዜግነት እንጂ የክብሩ አይደለም። የቀድሞ ዜግነትን የመተው ግዴታም በዚህ አንቀጽ አልተነሳም። «የክብር ዜግነት» የሚለው ቃል ግን በአዋጁ ውስጥ የለም።

ከዚህ ጋር አዋጅ ቁጥር 270/1994ን ማነጻጸር ይቻላል። ትውልደ ኢትዮጵያውያን የውጭ ዜጎች በዚህ አዋጅ መሠረት መታወቂያ ሲይዙ ያለ ቪዛ ይገባሉ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራሉ። መምረጥና መመረጥ አይችሉም። መብቱም ገደቡም ተዘርዝሮ ተጽፏል። ለባለውለታው እንግዳ ግን የዜግነት አዋጁ እንዲህ ያለ ዝርዝር አላዘጋጀም።

ጉዳዩ የወግ ብቻ አይደለም። 50 እና 60 ዓመት ያገለገለን አዛውንት በአደባባይ «ዜጋችን ነህ» ብለን፣ በማግሥቱ የመኖሪያ ፈቃድ አድስ የምንለው ከሆነ ክብሩ ከወረቀት አያልፍም። በተቃራኒው፣ መስፈርት የሌለው ክብር ለዕለቱ ወዳጅ ሁሉ ሊታደል ይችላል።

ስለዚህ በአዋጁ ላይ አንድ አንቀጽ ቢታከል መልካም ነው። ዕጩውን ማን ያቀርባል? ማን ይወስናል? ቢያንስ የመኖርና የመሥራት መብት ይኖረዋል ወይ? በምን ምክንያትስ ይሰረዛል? እነዚህ ከተመለሱ ምስጋናችን በሕግ የጸና ይሆናል።